ስለ ኳስ ማኅበርና ስለ ሰፈር ኑሮ

ሰው በሥራው ይታወቃል ይባላል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከሥራው ባረፈ ጊዜ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ያየ ሰው ያንን ሰው ይበልጥ ያውቀዋል። የከተማም ነገር እንደዚሁ ነው። የአንዲት ከተማ ሕዝብ በሥራ ቀን ምን እንደሚሠራ መዝገብ ይነግረናል፤ በሰንበት ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር ተቀምጦ፥ ስለ ምን ተከራክሮ፥ በምን ተደስቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ግን መዝገብ አይነግረንም። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ እንዲህ ያለው በመዝገብ የማይገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም የእግር ኳስ ማኅበርና ደጋፊው፥ ከዚህም ጋር የተያያዘው የሰፈር ኑሮ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ የአገር ጉዳይ በሚነገርበት ገጽ ላይ ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። እኛም መልሳችን አጭር ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን፥ ማንም ሳያዝዘውና ደመወዝ ሳይከፈለው፥ ከኪሱ አውጥቶ ለአንድ ነገር ከተሰበሰበ፥ ያ ነገር ትንሽ ነው ሊባል አይችልም። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ሕዝቡ በፈቃዱ የሚሰበሰብበትን ስፍራ ማወቅ ይገባዋል፤ የነፍስ አባት የሆነም ካህን ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ የት እንደሚውሉ ማወቅ ይገባዋል።

ይህን የሚጽፈው ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ማኅበር ደጋፊ መሆኑን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ለአንድ ወገን ያደላ ሰው አድልዎውን ከሸሸገ ቃሉ አይታመንምና። ስለዚህም ምሳሌአችንን ከምናውቀው ከዚሁ ማኅበር እንወስዳለን። ነገር ግን የምንለው ሁሉ ለቡናም፥ ለመቻልም፥ በየክፍለ ሀገሩ ላሉት ማኅበሮችም ደጋፊ የሚሆን ነው።

የደጋፊ ሐሳብ እንዴት ያለ ነው? ደጋፊ ማለት በማኅበሩ ውስጥ ሹመት የሌለው፥ ከትርፉ የማይካፈል፥ ከኪሳራው ግን ሁልጊዜ የሚካፈል ሰው ነው። ማኅበሩ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል፤ ሲሸነፍም «ተሸነፍን» ይላል፤ እርሱ ግን ኳሱን በእግሩ አልነካም። ይህን «እኛ» የሚለውን ቃል ማንም አላስተማረውም፤ ከአባቱ ወይም ከሰፈሩ ልጆች ጋር አብሮ አደገ እንጂ። በሳምንቱ መካከል፥ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወይም በቢሮው ወረቀት ሲያገላብጥ፥ ስለ ግራ ክንፉ ተጫዋች ያስባል፤ የታመመው ተከላካይ ድኖ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ለእርሱ እንጀራ አይሆነውም፤ ሆኖም ያለዚህ እንጀራው አይጥመውም።

የደጋፊነት ነገር በቢሮ በር ላይ እንዴት እንደሚታይ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። በሌላው ቀን የመምሪያውን ኃላፊ ባየ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላምታ የሚሰጠው ጥበቃ፥ የኃላፊው ማኅበር በተሸነፈበት ማግስትም እንደ ልማዱ ይነሣል፤ ነገር ግን «እንዴት አደሩ?» ካለ በኋላ ጥቂት ፈገግ ብሎ «ትናንትስ እንዴት ዋላችሁ?» ብሎ ይጨምራል። ሰሙ ሰላምታ ነው፤ ወርቁ ግን የትናንቱ ሽንፈት ነው። ኃላፊውም ወርቁን አውቆት ሊቆጣ አይችልም፤ ስቆ ያልፋል፤ ወይም «የእናንተንም በሚመጣው ሳምንት እናያለን» ይላል። በዓመት ውስጥ እነዚህ ሁለት ሰዎች ያለ ማዕረግ ልዩነት የሚነጋገሩበት ሌላ ቀን ይኖራቸው እንደ ሆነ እንጃ።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በልደት በዓል የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፥ ሹሙና ባላገሩ በአንድ ሜዳ ላይ ይገፉ ነበር፤ በዚያም ቀን ጌታ በአሽከሩ እንዳይቆጣ ልማድ ይከለክለው ነበር። ጉግሱም ለፈረሰኛው የጦር ትምህርት፥ ለተመልካቹም ደስታ ነበር። እነዚያ ጨዋታዎች መንደርን ከመንደር ለይተው ያጋጥሙ፥ ከጨዋታውም በኋላ መልሰው ያስታርቁ ነበር። እግር ኳስ ከውጭ አገር የመጣ ጨዋታ ቢሆንም፥ የገባበት ቤት አስቀድሞ የተሠራ ቤት ነበር ማለት እንችላለን።

መንፈሳውያን አባቶችም ጨዋታን ሁሉ ከንቱ ነው ብለው እንዳይጥሉት እንለምናለን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት የሯጮችንና የታጋዮችን ነገር ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ አድርጎ መጠቀሙን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ሐዋርያው የሜዳውን ነገር ያልናቀው በውስጡ ትጋት፥ ራስን መግዛትና ለሕግ መታዘዝ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በሜዳ ላይ የምንሻው እነዚሁኑ ሦስቱን ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአራዳ ተመሠረተ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። ስሙንም ያገኘው በሰፈሩ ካለው፥ ታቦቱ ወደ ዓድዋ ከዘመተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘመኑን ልብ በሉ፤ ጦርነቱ በሰሜን ተፋፍሞ ነበር፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን የዘር ልዩነትን ሕግ ያደረገው አገዛዝ የአገሩን ልጅ ለብቻው እንዲጫወት አደረገ፤ ማኅበሩም በገዛ ስሙ እንዳይጠራ ተገደደ። ወጣቶቹ ግን ኳሱን አልተዉም። የአንድ ሰፈር ልጆች መሰብሰባቸው፥ እርስ በርሳቸው በስማቸው መጠራራታቸው፥ በዚያ ጊዜ ከጨዋታ የበለጠ ትርጉም ነበረው።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። ጣልያኖች ፎርቲቱዶን፥ አርመኖች አራራትን፥ ግሪኮች ኦሎምፒያኮስን፥ እንግሊዞችም የጦር ሚሲዮናቸውን ቡድን አቀረቡ። ኢትዮጵያውያን የእኛ የሚሉት ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ትናንት ከጣልያኑ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠም የተከለከለው ልጅ፥ ዛሬ በእኩልነት ተሰልፎ፥ በአንድ ዳኛ ፊሽካ እየታዘዘ ሲጋጠመው ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ምን ያህል ደስታ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ስለዚህ ማኅበር ሲናገሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ስለዚህ ነው።

ከዚሁ ማኅበር ሜዳ የወጡትን ሰዎች ስናስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ስም የይድነቃቸው ተሰማ ነው። እኒህ ሰው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ፤ ከዚያም በኋላ ከሜዳው ወደ ጉባኤው ተሻገሩ። በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ሲመሠርቱ፥ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ይድነቃቸውም ይህን የዘር መለያየት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ተቃወሙት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. በነሐሴ ወር እስካረፉ ድረስ የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአንድ ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ይመታ የነበረ ልጅ በሽምግልናው የአህጉርን ጉዳይ ለመምራት በቃ። ሜዳ የሚሰጠው ፍሬ ጡንቻ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ድሎችን አስተያይተን እንመልከት፤ ነገራችን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ድሎች መካከል ይገኛልና።

የመጀመሪያው ድል ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገኘው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቱም ለዋንጫ በተደረገው ግጥሚያ ግብፅ 4 ለ 0 አሸንፋን ነበር። በአዲስ አበባ ግን መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የመጨረሻዋንም ግብ ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ያ ድል በከተማው ሕዝብ ፊት የተገኘ ድል ነው፤ ሕዝቡም በእግሩ ወደ ስታዲየም ሄዶ፥ በዓይኑ አይቶ፥ በእግሩ ወደ ቤቱ እየዘፈነ ተመለሰ።

ሁለተኛው ድል ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የተገኘው ነው። በዚያም ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ያንኑ የግብፅን ቡድን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግጥሚያው በሕጉ መሠረት የኢትዮጵያ የሜዳዋ ግጥሚያ ነበር፤ የተደረገው ግን በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ምክንያቱም በአገራችን ውስጥ ኮንፌደሬሽኑ ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላል ብሎ የፈቀደው ስታዲየም ስላልነበረ ነው። እንግዲህ ከ60 ዓመት በፊት አህጉርን በቤታችን ያስተናገድን ሰዎች፥ ለገዛ ቤታችን ግጥሚያ የሰው ቤት ተከራየን። ተጫዋቾቹ የሚመሰገኑ ናቸው፤ በባዕድ ሜዳ፥ ያለ ሕዝባቸው ድምፅ እንዲህ ያለውን ቡድን ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሠርግ ተደግሶ ሙሽራው በጎረቤት ቤት ቢዳር፥ ምንም ምግቡ ቢጣፍጥ፥ ለባለ ቤቱ ቅር የሚለው ነገር አይጠፋም።

የአገር ውስጡም ውድድር መንገደኛ ሆኗል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በየከተማቸው መጋጠማቸው ቀርቶ፥ ሁሉም ወደ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ጥቂት ሳምንት ይጫወታሉ፤ ከዚያም ወደ ሌላው ከተማ ይሄዳሉ። ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋ፥ ሐዋሳ፥ አዳማ በየተራቸው አስተናግደዋል። ይህ ሥርዐት የተጀመረበት ምክንያት ነበረው፤ ይህንንም መካድ አይገባም። የኮሮና በሽታ ሰው መሰብሰብን የከለከለበት ጊዜ ነበር፤ ጨዋታዎቹም በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ውል ስለ ተደረገ፥ የመቅረጫውን መሣሪያ ከከተማ ወደ ከተማ በየቀኑ ማመላለስ አስቸጋሪ ነበር። ከዚህም ሌላ፥ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ሜዳዎች በደጋፊዎች መካከል የተነሣው ጠብ፥ ኳስ ሊያይ የሄደውን ሰው ሲያስደበድብ እንደ ነበረ አንረሳውም። ሁሉም በአንድ ስፍራ ሲጫወት ለጸጥታ አስከባሪው ሥራው ይቀልለታል።

ይሁን እንጂ ለድንገተኛ ጊዜ የተተከለ ድንኳን ቤት ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገሩን ዋንጫ ሲወስድ፥ የአራዳው ደጋፊ ማኅበሩን ያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። አቅም ያለው አውቶቡስ ተከራይቶ ተከተለ፤ አቅም የሌለው፥ በተለይም ሽማግሌውና ተማሪው፥ በሻይ ቤት ቆሞ አየ። ብርቱካናማና ቢጫ ለብሶ ከአባቱ ጋር ወደ ስታዲየም መሄድን የሚያስታውስ ልጅ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ማኅበሮቹም ከመግቢያ ዋጋ ያገኙት የነበረው ገንዘብ ቀረባቸው፤ የሆቴልና የመንገድ ወጪ ተጨመረባቸው። በስታዲየሙ ዙሪያ ቆሎና ለውዝ ቋጥረው፥ መለያና ባንዲራ ዘርግተው ይሸጡ የነበሩት ድሆችም የሳምንት ገበያቸውን አጡ። ይህ ሁሉ በየራሱ ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን የከተማ ኑሮ ማለት ይኸው ነው።

ደጋፊው ማኅበሩን በቅርብ ባጣ ጊዜ ልቡ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ዛሬ ከከተማችን ወጣቶች አንዱን ብንጠይቀው፥ የአርሰናልን ወይም የማንቸስተርን ተጫዋቾች ከበረኛው እስከ ተጠባባቂው ድረስ በቃሉ ይዘረዝርልናል፤ ስለ ገዛ ከተማው ማኅበር ስንጠይቀው ግን ሦስት ስም ከተናገረ በኋላ ዝም ይላል። የእንግሊዝን ጨዋታ ማየት ነውር አይደለም፤ ከሠለጠነው ጨዋታ ብዙ ትምህርት ይገኛል። የሚያሳዝነው የሩቁ ዘመድ የቅርቡን ወንድም ሲያስረሳ ነው። ከዚህም የባሰው የውርርድ ቤቱ ነገር ነው። ወጣቱ ትናንት «ያሸንፉ ይሆን?» ብሎ የሚጨነቀው ስለ ፍቅር ነበር፤ አሁን ግን በእጁ የያዛትን ወረቀት ቁጥር እያየ ይጨነቃል። በገንዘብ የተገዛ ጭንቀት ማኅበርን አያቆምም፤ ያው ወጣት ነገ ለሌላው ወገን ይወራረዳልና። የቤቱን አስቤዛ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ መንገድ ያጠፋ ስንት እንደ ሆነ የነፍስ አባቶች ከእኛ ይልቅ ሳይሰሙ አይቀሩም።

ስለ ሰፈር ኑሮ ደግሞ እንናገር። ማኅበሩ የተወለደበት አራዳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ክፍሉ ለከተማው አዲስ አሠራር ሲባል ፈርሶ፥ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ተዛውሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስም ነዋሪ እንደዚሁ። አሮጌው ቤት ጣራው የሚያፈስስ፥ መጸዳጃውም ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ብቻ የሆነ ስለ ነበረ፥ ለዚያ ቤት ብቻ አናለቅስም፤ መንገዱ ሰፍቶ፥ መብራቱ በርቶ ማየትም ያስደስታል። ነገር ግን ሰፈር ማለት ግድግዳው ብቻ አይደለም። ሰፈር ማለት ዕድሩ ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ነው፤ ቡና የሚያጣጣው ጎረቤት ነው፤ ልጁ ሲያጠፋ የማንም እናት ልትቆጣው የምትችልበት ስፍራ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ ግንበኛ መልሶ ይሠራዋል፤ ጉርብትና ሲፈርስ ግን የሚሠራው ጊዜ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ምን እንደሚጠቅም በዓይናችን እናያለን። ትናንት በአንድ ቅጥር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፥ ዛሬ አንዱ በከተማው ምሥራቅ፥ አንዱ በደቡብ ዳርቻ ይኖራል። ዕድሩን ለመጠበቅ የሚደክሙ አሉ፤ መንገዱ ግን ይረዝምባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ያለ ቀጠሮ የሚገናኙት በማኅበራቸው ግጥሚያ ቀን ነበር። በአንድ ጥግ ተሰብስበው ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ፥ የፈረሰው ሰፈር ለ90 ደቂቃ ተመልሶ ይቆማል። «እገሌ ታመመ፤ የእገሊት ልጅ ተዳረች፤ የእነ እገሌ አባት ዐረፉ» የሚባለው ወሬ በዚያ ይነገራል። ግጥሚያው በሌላ ከተማ ከሆነ ግን ይህም መሰብሰቢያ ቀርቷል ማለት ነው። እንግዲህ ሰፈሩም ተነሥቶ፥ ማኅበሩም ርቆ ሄዶ፥ ያ ሰው ከማን ጋር «እኛ» ይላል?

ሌላው ብርቱ ነገር የሜዳ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ኳስ የተማረው በትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባለ ገላጣ፥ በወንዝ ዳር፥ ገና ባልታጠረ ቦታ፥ የጨርቅ ኳስ ሰፍቶ፥ ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁሞ ተማረ። የቆሎ ተማሪ እንኳ ከቅኔው መልስ መምህሩ ሳያዩት ያችን የጨርቅ ኳስ ይመታት ነበር። ዛሬ ያ ገላጣ ስፍራ ሁሉ ዋጋ ያለው መሬት ሆኖ ታጥሯል። በአዳዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተተወው ቦታ በብዙ ስፍራ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጁም ኳሱን ሲመታ ወይ የመኪና መስተዋት ይሰብራል፥ ወይ ከጥበቃው ይሰደባል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ በደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይመለከታል። ከዚህ ደረጃ ላይ ሌላ ይድነቃቸው ወይም ሌላ መንግሥቱ ይወጣል ብሎ መጠበቅ፥ ሳይዘሩ ለማጨድ መዘጋጀት ነው።

የደጋፊውንም ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። በስታዲየም ውስጥ እናትን የሚሰድብ፥ ዳኛን የሚረግም፥ ድንጋይ የሚወረውር ሰው በማናቸውም ወገን አይጠፋም። የኳስን ፉክክር የነገድ ፉክክር ሊያደርገው የሚሻም ታይቷል። እንዲህ ያለው ሰው መለያ ለብሶ ስለ መጣ ብቻ ደጋፊ ሊባል አይገባም። ማኅበር የሚደገፈው ተቃራኒ ስላለው ነው፤ ቡና ባይኖር የጊዮርጊስ ደስታ ግማሽ ይሆናል፤ ጊዮርጊስም ባይኖር የቡና እንደዚሁ። ተቃራኒውን ሊያጠፋ የሚነሣ ሰው የገዛ ጨዋታውን ያጠፋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳባችንን በአራት ከፍለን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የከተማን ፕላን ለሚያወጡና ለሚያጸድቁ ሹማምንት። አዲስ መኖሪያ ሰፈር በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ የልጆች ሜዳ ከመንገዱና ከውኃው መስመር ጋር በአንድነት በካርታው ላይ ይሰመር። ከተሰመረም በኋላ ለሌላ ጉዳይ እንዳይሰጥ በሕግ ይጠበቅ። ሣር ባይኖረው፥ መቀመጫ ባይኖረው ግድ የለም፤ ደልዳላ መሬትና ሁለት ቋሚ ይበቃዋል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ኋላ ለፍርድ ቤትና ለወኅኒ ከሚወጣው ጋር ሲመዛዘን ደግሞ ከቁጥር አይገባም።

ሁለተኛ፥ ስታዲየሞችን ለመሥራት አደራ ለተቀበሉ። የአደይ አበባ ስታዲየም 60 ሺህ ሰው ያህል እንዲይዝ ታስቦ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አሁን ራሱ ኳስ ተጫዋች ለመሆን ደርሷል። ትልቁ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን የተጀመረ ሥራ ሁሉ የሚፈጸምበት ቀን ለሕዝብ ቢነገር፥ ቀኑም ቢከበር፥ መንግሥትም ይከበራል፥ ሕዝቡም ይታገሣል። ከዚህም ጋር በየከተማው ያሉትን መካከለኛ ሜዳዎች ለውስጥ ውድድር እንዲበቁ አድርጎ ማደስ፥ አንድ ታላቅ ስታዲየም ከመጠበቅ ይልቅ ፈጥኖ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፥ ውድድሩን ለሚመሩ። ሁሉንም ግጥሚያ በአንድ ቀን ወደየከተማው መልሱ አንልም። ሜዳውና ጸጥታው በተዘጋጀበት ከተማ በጥቂቱ ይጀመር፤ እያንዳንዱ ማኅበር በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ግጥሚያዎች በገዛ ሕዝቡ ፊት እንዲያደርግ ይፈቀድለት፤ መልካም ከሆነም ይጨመር። ቴሌቪዥኑ ለሩቁ ሰው መልካም ነው፤ የቅርቡን ሰው መቀመጫ ግን ሊወርስበት አይገባም።

አራተኛ፥ ለማኅበሮችና ለመንፈሳውያን አባቶች። ማኅበር ማለት 11 ተጫዋችና አንድ አሠልጣኝ ብቻ እንዳልሆነ መሪዎቹ ይወቁ። የደጋፊያቸውን መዝገብ ያስተካክሉ፤ ከየሰፈሩ ሕፃናትን መርጠው ያሠልጥኑ፤ ሰፈሩ የተነሣበትንም ደጋፊ በሄደበት ፈልገው ያግኙት። ካህናትም በየአጥቢያቸው ስለ ስድብና ስለ ውርርድ ምክር ይስጡ፤ ነገር ግን ምክራቸው ጨዋታውን ሁሉ የሚነቅፍ እንዳይሆን፥ ስንዴውን ከእንክርዳዱ እንዲለዩ እንለምናለን። ወጣቱ የሚወደውን የሚያከብርለትን አባት ይሰማል፤ የሚወደውን ሁሉ የሚንቅበትን አባት ግን ይሸሻል።

ኳስ አገርን አይመግብም፥ ድንበርም አይጠብቅም፤ ይህን የማያውቅ ደጋፊ የለም። ነገር ግን ድንበርን የሚጠብቀውና አገርን የሚመግበው ሰው፥ ከሌላው ጋር «እኛ» ማለትን የሚማረው በልጅነቱ ነው፤ የሚማርበትም ስፍራ ይፈልጋል። ለአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ያ ስፍራ አንዲት ሜዳ ነበረች፤ ከዚያችም ሜዳ የተነሣው ማኅበር ጦርነትን፥ ወረራንና የመንግሥት መለዋወጥን ሁሉ አልፎ እስከ እኛ ደረሰ። ዛሬ በከተማው ዳርቻ በአዲሱ ሰፈር ለሚያድጉት ልጆችም እንዲህ ያለች ሜዳ ትሰመርላቸው ዘንድ፥ ሥልጣን ያላቸው ሁሉ ካርታው ገና ሳይዘጋ እንዲያስቡበት አደራ እንላለን።